ኮርኒሱ ላይ የተጎተተችው ኮከብ

በአሰላ ከተማ ከሴና የተሻለ ሰማይ የሚሠራ ቢኖር እግዜር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ኮርኒስ ላይ ሞክሮ አያውቅም። ይህን ያለችው ራሷ ሴና ናት። ያለችውም ለፖሊስ፣ ሥራ ያስተማሯት የቀለም ቀቢው የጋሽ አበጋዝ አስከሬን ከክፍሉ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ነው።

ዋና ሳጅን ፋይዛ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ሰውዬው አንገታቸው ተሰብሮ በተገኙበት ሲሚንቶ ላይም በጀርባዋ ተንጋለለች።

«ሳጅን፣ ልብስዎ!» አለች የአዲሱ ቤት ባለቤት ናዝሬት።

«ይታጠባል። ኮከቡ የታለ? ይሄ ነጭ ኮርኒስ ነው።»

ሴና በሩ ላይ ቆማ ፈገግ አለች። «በብርሃን አይታይም! ቀለሙ አምፖል ሲበራ ብርሃን ይጠጣል፣ ሲጨልም ይተፋዋል።»

«ለልጆቼ መኝታ ቤት ነው» አለች ናዝሬት ወደ ስልኳ እያመለከተች። «ቲክቶክ ላይ አይቼው።»

መስኮቱ መስታወት ስላልገባለት በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል። ግድግዳው ሥር አንድ እግሩ የተሰነጠቀ መሰላል ወድቋል። መሰላሉን የሠራው አናጢው ለሊሳ ነው፤ ትናንት ከሟች ጋር ሲሰዳደብ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች እጁን በካቴና አስረው፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ፣ ከሴና መቀመጫ ጎን አስቀምጠውታል።

«ምን አጣላችሁ?» አለች ፋይዛ ብቅ ብላ።

«መሰላሌን ቀለም በቀለም አደረገብኝ። ሰደብኩት፣ ሰደበኝ፣ ከዚያ ምሳ አብረን በላን። ወላሂ ሳጅን፣ መሰላሉ ደህና ነበር! ሳጉሬ ከተማ አራት ልጆች አሉኝ፤ በሰው ነፍስ አልጫወትም።»

«ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ግቢ፣ በር ስልግ።»

«እንጨቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ» አለች ናዝሬት። «ያ የኤሌክትሪክ መላጊያው አደነቆረኝ። ሴና እስክትጮህ ድረስ ለአፍታ አላረፈም።»

«አንቺስ ሴና?»

«ቶፊቅ ሱቅ ዳቦ ልገዛ ሄጄ ነበር። ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸው። መብራት ሄዶባቸው ነው እንጂ ጋሽ አበጋዝ ከመሰላል የሚወድቁ ሰው አልነበሩም።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። መብራት ሄደ ሲባል ማን ማስረጃ ይጠይቃል?

«እስቲ ሰማይሽን አሳዪኝ» አለች ፋይዛ።

ሴና ማብሪያ ማጥፊያው ላይ እጇን አድርጋ «ላጠፋ ነው፣ ውረዱ!» ብላ ጮኸች።

«ማንን ነው ውረዱ የምትዪው?»

«ልማድ ነው» አለች ሴና፤ ድምጿ ወረደ። «ሥራ ላይ ሳንጠራራ አናጠፋም።»

ጨለመ። ኮርኒሱ ጠፋና ሰማይ መጣ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ደቃቅ እንደ ገብስ ብናኝ የተበተነ ብርሃን። ናዝሬት «የኔ እመቤት!» አለች። ሴና ልቧ በኩራት ሊያብጥ ሲል አንድ ነገር አየች። መሰላሉ ቆሞበት ከነበረው ቦታ በላይ አንዲት ኮከብ ወደ በሩ ተጎትታለች፤ ክንድ የሚያህል ጭራ አላት።

«ይቺ ረጅሟስ?» አለች ፋይዛ ከወለሉ።

ዝም ብትል ይሻላት ነበር። ምላሷ ግን ከእሷ ቀድሞ ይሮጣል። «እሷም የእኔ ናት። ተወርዋሪ ኮከብ። ሆን ብዬ ነው።»

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ጨለማው ደግ ሆኖ ፊቷን ሸሸገላት። ኮሪደሩ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ ለሊሳ ካቴናውን እያንኳኳ «አይዞሽ ልጄ፣ እሳቸውን ማጣት ቀላል አይደለም» አላት። ወለሉን አየች። ቀና ማለት አቃታት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፋይዛ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች።

«ከመሰላሉ እንጀምር» አለች። «መሰላል ሲሰበር ሰው ቁልቁል ይሄዳል። የዚህች ኮከብ ጭራ ግን ወደ በሩ ነው። ጋሽ አበጋዝ ቡሩሹ ኮርኒሱ ላይ እንዳለ ዞረዋል። በሩ አጠገብ ያለው ምንድን ነው? ማብሪያ ማጥፊያው። መብራቱ ሳይጠሯቸው ጠፋ፤ ሲዞሩ መሰላሉ ተንጋደደ፤ የተሰነጠቀው ወድቆ ነው።»

«ያው መብራት ሄዶ ነዋ!» አለች ናዝሬት።

«መላጊያው ለአፍታ አላረፈም ብለውኛል። በምን ነበር የሚሠራው፣ በናፍጣ?»

ናዝሬት አፏን በእጇ ያዘች።

«መብራት አልሄደም። ያጠፋው የሰው እጅ ነው። እናንተ ሁለታችሁ ግቢ ውስጥ አንድ እንጨት ይዛችሁ ነበር። ሦስተኛዋ ሱቅ ነበረች። ፖሊስ ሲደርስ አምፖሉ በርቶ ነበር። ታዲያ ሱቅ የነበረች ልጅ እዚህ ክፍል መብራት መጥፋቱን በምን አወቀች? ደግሞ ቶፊቅን ጠይቄዋለሁ፤ ዛሬ ዳቦ አልመጣለትም።»

ፋይዛ ወደ ሴና ዞረች።

«ሟች እጅ ውስጥ የተገኘው ቡሩሽ» አለች ፋይዛ ድምጿን ሳትጨምር፣ «ስፋቱ ከዚያ ጭራ ጋር ልክ ነው። የሰውዬው የመጨረሻ ሥራ ነው፣ ሴና። እሱንም የእኔ ነው አልሽኝ።»

ሴና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ላስደንቃቸው ብዬ ነው» አለች። «ያንን የኮርኒስ ጥግ ትናንት ብቻዬን ቀባሁት፤ አላዩትም ነበር። ውረዱ ካልኳቸው ያውቁብኛል ብዬ… ዝም ብዬ አጠፋሁት። ከእኔ በለጥሽ እንዲሉኝ ነበር።»

«አሉሽ?»

«"ልጄ፣ አብሪው" ነው ያሉት። እኔ እየሳቅኩ ነበር።»

ናዝሬት ፊቷን አዞረች። ፖሊሱ መጥቶ የለሊሳን ካቴና ፈታ። ለሊሳ የቀላውን አንጓውን እያሻሸ ልጅቷን ቁልቁል አያት።

«ልናገር ነበር፣ ጋሼ» አለች ሴና ቀና ሳትል። «እውነቴን ነው። አፍሬ ነው።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ እጄን ታስሬ አጠገብሽ ተቀምጫለሁ» አላት። «ያንቺን አፍ ማን አሰረው?»