በበረዶ ሥር የከሱ ዓሦች

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. በጥር ወር፤ በአሜሪካ፤ በሰሜን ዊስኮንሲን የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የኦጂብዌ ሰዎች በሚኖሩበት በረዥም ሣር ሐይቅ ላይ በረዶው ከሰው ጉልበት በላይ ተከምሮ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ውሃም ብርሃን ካየ ሰንብቷል። የመንደራቸው አለቃ የማንግ ታላቅ እህት እመት ዋሴያ ግግሩን በመጥረቢያ ፈልፍላ መዳፍ የሚያህሉትን ጠፍጣፋ ዓሦች ስታወጣ ደሟ ፈላ። ቀድሞ በብርድ ወራት እንኳ ሆዳቸው ሲቀደድ ስብ ይታይ ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን ጭንቅላት ብቻ ሆነው፤ ጀርባቸው እንደ ቢላ ስለት ቀጥኖ፤ ሆዳቸው ከአጥንታቸው ተጣብቆ ወጡ።

በአካባቢው ደን የሚቆርጠው የግንድ ኩባንያ ሹም ሚስተር ቶርንዴል፤ ከወንዙ በታች ላለው የእንጨት መሰንጠቂያ ውሃ ፈልጎ፤ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት በሐይቁ መውጫ ላይ ያለውን የግድብ በር ከፍቶ ነበር። ሐይቁ ጎደለ፤ የተረፈውን ውሃ በረዶ ከደነው፤ ዓሣውም በጨለማ ታፍኖ መብላት ተወ። ዱቄት ተቀብሎ ይህን የፈቀደው ደግሞ አለቃ ማንግ ነው።

ዋሴያ ዓሦቹን ይዛ ገብታ ወንድሟ እግር ሥር ዘረገፈቻቸው።

«ብላ እንጂ! አለቃ አይደለህ? መጀመሪያ አንተ ቅመስ።»

«እትዬ፤ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ዱቄቱን ለልጆቹ ብዬ ነው።»

«የቱን ዱቄት? ያን የነቀዘውን? የልጅህ ሚስት ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ሲያላዝን አትሰማም?»

«ቶርንዴል በረዶው ሲቀልጥ በሩን እዘጋዋለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶኛል።»

«እስከዚያ የሚተርፍ ዓሣ አለ? አንተ ቃሉን ጠብቅ፤ እኔ ሄድኩ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ግድቡ ላይ ወጣች፤ ከባዱን የበር ሳንቃ ተረባርበው ዘጉና ላዩ ላይ ተቀመጡ። ቶርንዴል ጠብመንጃ የያዙ ሠራተኞቹን አስከትሎ መጣ።

«ተነሺ አንቺ አሮጊት! የኩባንያ ንብረት ነው።»

«ሐይቁንስ ማን ሰጠህ?»

«ወንድምሽ ነዋ!»

ይህን ጊዜ አለቃ ማንግ መንግሥት የሸለመውን የብር ሜዳሊያ በደረቱ አድርጎ ከኋላ ደረሰ።

«አለቃ፤ ንገራት እንጂ! ተስማምተን የለም?» አለ ቶርንዴል።

ማንግ ቶርንዴልን አልፎ ወደ ሴቶቹ ወጣ።

«እስቲ ጠጋ በይልኝ እትዬ» ብሎ ከአጠገቧ ተቀመጠ።

ቶርንዴል መንግሥት በሸለመው ሰው ላይ ለመተኮስ አልደፈረም፤ እየተራገመ ተመለሰ።

ውሃው ግን የሞላው ከረፈደ ነው። ሕፃኑ በረዶው ሳይቀልጥ ተቀበረ፤ በረዶውም ሲቀልጥ የሞተ ዓሣ ዳርቻውን አለበሰው፤ ምንጭ ከሚገባበት ጥግ ከተረፉት ጥቂቶች ሐይቁ ዳግም በዓሣ እስኪሞላ ዓመታት ፈጀ። ማንግ ሜዳሊያውን ከዚያ በኋላ አላጠለቀም፤ ዋሴያም ከጎኗ ቢቀመጥም ይቅር አላለችውም፤ የልጁን ልጅ መቃብር እያየች እስክትሞት ድረስ ከእጁ ምግብ አልቀበልም እንዳለች ኖረች።

የኩባንያው ታሪክ ያን ዓመት የሚያነሣው ግንድ ስለ ዘገየበት ብቻ ነው። በካርታ ላይም ረዥም ሣር የሚባል ሐይቅ የለም፤ ሐይቁ የቶርንዴል ሐይቅ ተብሏል።