በሽንኩርት ጀልባ ወደ ዒድ

«ተነሺ! እንቁላሉ ላይ ልትተኚበት ነው እኮ!»

ሪሽፋ ዓይኗን ስትገልጥ ጭንቅላቷ ከሽንኩርት ጆንያው ተንሸራቶ የእንቁላሉን ካርቶን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የአክስቷ ልጅ ሙዛይን አጠገቧ ቆሞ ይስቃል። የዓሣ ማጥመጃውን ክር ጣቱ ላይ ጠምጥሟል፤ ፊቱ ላይ የባሕር ጨው ደርቋል።

«ምሳችንን ያዝክ?»

«አንዱ ነክሶ ነበር፤ ስታንኮራፊ ደንግጦ ሄደ።»

«ውሸታም! እኔ አላንኮራፋም።»

«ዶን ማኒክን ጠይቂያቸዋ። ሞተሩ የተበላሸ መስሏቸው ሊፈትሹ ወርደው ነበር።»

ካፒቴን ዶን ማኒክ የመሪውን እንጨት በእግራቸው እንደያዙ ፈገግ አሉ እንጂ ለማንም አልመሰከሩም። ሽማግሌው እጃቸውን ለሻይና ለወሬ ነው የሚፈልጉት፤ ጀልባዋን የሚነዱት በእግራቸው ነው።

ሁለቱ ልጆች ከቤት ከወጡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ለፈጣኗ ጀልባ የሚከፈል ገንዘብ እቤት ስላልነበረ፣ ከደሴት ደሴት ሸቀጥ በምታመላልሰው በዚህች ዝግተኛ የእንጨት ጀልባ ተሳፈሩ። በየደሴቱ ጭነት ያወርዳሉ፤ መንገድ ላይ ለምሳ የሚሆን ዓሣ ያጠምዳሉ። ዶን ማኒክም በምትኩ ያበሏቸዋል፣ ይወስዷቸዋል። መጀመሪያ ሪሽፋ አፍራ ነበር። የክፍሏ ልጆች ሽንኩርት መሃል ተጎልታ ቢያዩዋት መሳቂያ ነው የሚያደርጓት። አሁን ግን እግሯን ዘርግታ፣ ቱና ዓሣና የተፋቀ ኮኮናት በቂጣ ጠቅልላ እየበላች ደሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው ሲያልፉ ስታይ፣ ማፈሯን ረስታዋለች። እንዲያውም ደስ ብሏታል። ቢሆንም ከሙዛይን ጋር አንድ ነገር ተማምለዋል፤ ከዘመዶች የዒድ ስጦታ ገንዘብ ሲሰበስቡ፣ የመልሱን ጉዞ እንደ ሰው በፈጣኗ ጀልባ ያደርጉታል።

ነገ የአረፋ ዒድ ነው። መዱፋሩ በምትባለው ደሴት ጓደኛዋ ሻይና እየጠበቀቻት ነው። ሻይና ዓምና ቤተሰቦቿ ወደዚያ እስኪዛወሩ ድረስ የሪሽፋ ጎረቤት ነበረች። በዒድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከኮኮናት ቅጠል የተጎነጎነው ትልቁ ዓሣ ከባሕር እየተጎተተ ሲወጣ፣ ልጃገረዶች ተሰልፈው እያጨበጨቡ ይቀበሉታል። ሪሽፋና ሻይና ራሳቸውን ካወቁ ጀምሮ ሰልፉ ውስጥ ጎን ለጎን ሳይቆሙ ያለፈ ዒድ የለም። ዘንድሮም ሻይና ቦታ ይዛላታለች፤ የሻይና እናት ደግሞ ለሁለቱም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀሚስ ሰፍተዋል።

ሪሽፋ ጥቁሩን ፌስታል በእግሯ ወደ ራሷ ሳበችው። ትናንት የቆሙባት ደሴት ላይ ሹዓይብ የሚባል የሆቴል ወጥ ሠሪ ነበር የሰጣት። በእነዚህ ደሴቶች ጀልባ ላይ የተሳፈረ ሁሉ ፖስተኛ ነው፤ አልቀበልም ማለት አይታሰብም። ዕቃ የላከ ሰው ወዲያው ይደውልና የያዘውን ሰው ስም ለተቀባዩ ይነግራል። ተቀባዩም ወደብ ወርዶ ያንን ሰው ይጠብቃል።

«በሂሙሉዱ ደሴት በኩል ናችሁ አይደል?» ብሏት ነበር ሹዓይብ። «ለልጄ የዒድ ቀሚስ ነው። ፈቃድ ስላልሰጡኝ እኔ አልሄድም። አደራ፣ ከዒድ በፊት እጇ ይግባ። ስምሽን ማን ልበላት?»

እኩለ ቀን ላይ በመንገዳቸው ያለ አንድ ትልቅ ወደብ ደረሱ። የሽንኩርቱ ባለቤት ዘግይቶ ስለመጣ ጭነት ማውረዱ ተጓተተ። ዶን ማኒክ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በቃ፣ ዛሬ ሂሙሉዱ እናድራለን። ነገ ሶላት ሰግደን፣ የዒዱን ምግብ ቀምሰን ነው የምንነሳው። መዱፋሩ ስንደርስ ይመሻል።»

ሪሽፋ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ሲመሽ ዓሣው ወጥቶ፣ ተዘፍኖ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ገብቷል። ልቅሶዋ መጣ።

«ሪሽፋ! ሽንኩርት ነጋዴ ሆነሻል እንዴ?»

የሒሳብ መምህሯ ቲቸር ፋዚና ናቸው፤ ከነቤተሰባቸው ከአንዲት ነጭ ፈጣን ጀልባ ላይ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ወደ መዱፋሩ እየሄዱ ነው። አብረዋቸው ሊሄዱ የነበሩ ሁለት ዘመዶቻቸው ቀርተዋል፤ የእነሱ ቦታ ግን አስቀድሞ ተከፍሎበታል።

«ኑ ግቡ! ወንበሩ ባዶውን ከሚሄድ። ሻይ ሳይበርድ መዱፋሩ ናችሁ።»

«እሰይ!» ብሎ ሙዛይን ቦርሳውን አንጠለጠለ። ሪሽፋም ዘላ ተነሳች። ፌስታሉን አንስታ ወደ ዶን ማኒክ ሮጠች።

«ዶን ማኒክ፣ ይቺን ሂሙሉዱ ላይ ይሰጡልኛል?»

«እናንተ ከወረዳችሁማ ሂሙሉዱ ምን እሠራለሁ? ለዚያ የሚወርድ ጭነት የለኝ። በኮራል ዓለቱ መሃል ያለውን መግቢያ በሯን አይተሽዋል? አንድ ክንድ ከሳትኩ ጀልባዬ ለማገዶ ነው የምትሆነው። የሚያድር ሰው ካለኝ እገባለሁ፤ ሰው ግዴታ ነው። ለፌስታል ግን አልገባም።»

ቲቸር ፋዚናን ጠየቀች። ሂሙሉዱ በተቃራኒው አቅጣጫ ናት፤ ነጂው ደግሞ ያንን በር አያውቀውም። ወደብ ላይ የተደረደሩትን ጀልባዎች ሁሉ አዳረሰች። ዛሬ ወደ ሂሙሉዱ የሚሄድ ማንም የለም።

ሙዛይን አንድ እግሩን ነጯ ጀልባ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ከዒድ በኋላ ብትለብሰው ትሞታለች እንዴ?» አላት። ከዚያ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የለሁበትም። ከሹዓይብ እጅ የተቀበልሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ሪሽፋ ለሻይና ደወለችና ፌስታሉን ለማድረስ ስትል ለሰልፉ እንደማትደርስ ነገረቻት።  ከሻይና በስተጀርባ የከበሮ ልምምድ ይሰማል።

«እየቀለድሽብኝ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«ሪሹ፣ ቀሚሱ እኮ አልቋል!»

«ለእህትሽ አልብሻት። እኔ ነገ ማታ እመጣለሁ።» ተጨማሪ ቃል ብታወጣ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ስልኩን ዘጋችው።

ነጯ ጀልባ ውሃውን ሰንጥቃ ሄደች። ሙዛይን ቦርሳውን ባልወረደው ሽንኩርት ላይ ወረወረና ጋደም አለ።  በኋላ ዶን ማኒክ ሻይ ቀድተው ለሪሽፋ ሰጧትና፣ ማንንም አስነክተው የማያውቁትን መሪ ለቀቁላት።

«በእጅሽ ያዥው» አሏት። «ለእግር ገና ነሽ።»

ሙዛይን ሳይወድ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሂሙሉዱን ጠባብ በር አለፉ። ወደቡ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻዋን ቆማለች፤ ፀጉሯ ተሠርቶ በሪባን ታስሯል። ጀልባዋ ገና ሳትታሰር ጮኸች።

«ሪሽፋ የምትባለው ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

«አባዬ ስምሽን ነገረኝ። እኔ ሉይዛ ነኝ። ከጠዋት ጀምሬ ስጠብቅሽ ነው የዋልኩት! ለምን ቆየሽ?»

«ሽንኩርት አስቸገረን።»

ሉይዛ ፌስታሉን እዚያው ቀደደችው። ቢጫ ቀሚስ ነበር። በለበሰችው ልብስ ላይ ደርባ አጠለቀችው፤ በእጅጌው በኩል ጭንቅላቷን አውጥታ ስትታገል ሙዛይን ተንበርክኮ አስተካከለላት። ከዚያ እየተሽከረከረች ወደ ቤት መራቻቸው።

የሉይዛ አያት የዓሣ ሾርባ በሩዝ፣ በሎሚና በቃሪያ አቀረቡላቸው። ሪሽፋ ሦስት ጊዜ ጨመረች። ከጓሮ የመንደሩ ሰዎች ለነገው ዓሣ ቅጠል ሲጎነጉኑ፣ አንዱ ሌላውን «ይሄ ዓሣ ነው ድመት?» እያለ ሲሳደብ ይሰማል። ሆዷ ሞልቷል፤ ሐሳቧ ግን አሁንም ሻይና ጋ ነው።

ሉይዛ ቀሚሱን አላወልቅም ብላ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ያኔ አያቷ ከጓዳ አንድ ብልቃጥ ይዘው መጡ፤ ወፍራም የዓሣ ድልህ ነው።

«ሹዓይብ የእኔን እጅ ድልህ ካልቀመሰ ዒድ አይመስለውም» አሉ። «የሚያልፍ ሰው አጥቼ ከረምኩ። ስትመለሱ በእሱ በኩል ትሆኑ ይሆን?»

ሙዛይን ሳል ያዘው። ከገበታው ሥር የሪሽፋን እግር ረገጣት። ፈጣኗ ጀልባ በሹዓይብ ደሴት በኩል አታልፍም።

ሪሽፋ የሉይዛን ቢጫ እጅጌ አየች። ሁለት እጇን ዘረጋችና ብልቃጡን ተቀበለች።

«ይደውሉለት» አለች። «ሪሽፋ ይዛልሃለች ይበሉት።»