ጠፍር የጠበሰች ሞተር

ይህን ታሪክ ውሸት ነው የሚል ካለ ንፋስ መውጫ ይምጣና ሞተሯን ይያት፤ ቀኝ ጎኗ ላይ የጅብ ጥርስ አለ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁት ትምህርት ጠልቼ እንጂ እውነትና ውሸት መለየት አቅቶኝ አይደለም። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ እንደ ጫማ ሶል ይድረቅ!

ፊልጶስ የጤና ጣቢያ ሾፌር ነው። ብረት ይወዳል፤ ብረት እሱን መውደዱ ግን ያጠራጥራል። አገር የሚዞሩ ቱሪስቶች የሚነዷት ዓይነት ትልቅ ሞተር ተሰጠችው። ነዳጅ መያዣዋ የጥጃ ሆድ ያህላል፤ ዕቃ መጫኛ ብረት ግን የላትም። ለሌላ ሞተር የተሠራ መጫኛ ከገበያ አመጣ። አልገጥም ሲለው እግሮቹን በመጋዝ ቆረጠ፣ ከገዛ አልጋው ብረት ቀጠለበት፣ በየደው። ከዚያ ወዲህ ከሚስቱ ጋር መሬት ላይ ነው የሚተኙት።

ያን ቀን የኩፍኝ ክትባት በበረዶ ሳጥን ታሽጎ ወገዳ ሳይደረስ ባለች የቆላ መንደር ይጠበቃል። ኩፍኙ መንደሯ ገብቷል፤ እናቶች ከጠዋት ጀምረው ጤና ኬላው ደጃፍ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። በረዶው ሳይቀልጥ ካልደረሰ መድኃኒቱ ውኃ ነው፤ ሌላ ደግሞ ቶሎ አይገኝም።

ነርሷ እድላዊት ሳጥኑ ሲጫን አየችና ጮኸች።

«ፊልጶስ፣ ሳጥኑ ከማርሚታው ጋር ሊሳሳም እኮ ነው! ክትባቱን ልትቀቅለው ነው?»

«ጭሱ አይነካውም። አንድ ጣት ክፍተት አለው።»

«የማን ጣት?»

እያጉረመረመ መጫኛውን አንድ ክንድ ወደ ውጭ አወጣው። ሞተሯ በአንድ ወገን ብቻ ክንፍ ያወጣች ዶሮ መሰለች። ተፈናጠጡና ተነሡ።

ከተማውን እንደለቀቁ ሰማዩ ተቀደደ። የዶሮ እንቁላል የሚያህል በረዶ ወረደ። የፊልጶስ ራስ ቁር እንደ ከበሮ ተመታ፤ መንገዱ ነጣ፣ ጎማው ዋለለ።

«ክዳኑን ልክፈትና ልጨምርበት?» አለች እድላዊት ከኋላ።

«ዝም ብለሽ ያዥኝ!»

በረዶው ሲያባራ ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ ውስጥ ዘለው ገቡ። ቀጭ! ወደ ውጭ የወጣው ክንድ ከብየዳው ላይ ተሰበረ፤ ሳጥኑ አዘመመ።

ከኋላ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ ጋሽ ካሴ ናቸው። ሞተሯ ሳትመጣ ክትባት የሚያመላልሱት እሳቸው በበቅሏቸው ነበሩ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ዘመናዮች! የኔ በቅሎ ብየዳ አያውቃትም።»

«ይለፉ፣ ጋሽ ካሴ!» አለ ፊልጶስ።

«አልፋለሁ። ሳጥኑን ግን አምጣው። ሕፃናቱ ምን አደረጉህ?»

«የመንግሥት ዕቃ ለበቅሎ አልሰጥም!»

«ጋሼ፣ እሱን ይተዉት» አለች እድላዊት። «ጠፍር የለዎትም?»

ሽማግሌው ከጭነታቸው ረጅም የበሬ ቆዳ ጠፍር ፈቱ፣ ቦዩ ውስጥ ነከሩት። «እርጥቡን አጥብቀህ እሰር። ሲደርቅ ከብረትህ ይበልጣል» አሉና በአቋራጩ ወረዱ። ልክ ናቸው፤ ግን በቅሎ ማርሚታ የላትም። ፊልጶስ ጠፍሩን በጋለው ማርሚታ ላይ አሳልፎ ሲያስር ይህ ለማንም አልታየም።

ጠፍሩ ደረቀ፣ ነከሰ፣ መጫኛው ከአለት የተወቀረ ያህል ጸና። ፊልጶስ ነዳጅ ሰጠ፤ ገደሉን ተጠግተው በረሩ።

«ፊልጶስ፣ ጥብስ ይሸተኛል።»

«ርቦሽ ነው።»

ጀምበር አዘቅዝቃለች። ከቁጥቋጦው አንድ ጅብ ብቅ አለ፤ አሽትቶ ተከተለ። ፊልጶስ ዞር ብሎ አየና ሞተሯን ቁልቁል ለቀቃት። ፍሬኑ ጭቃ ጠጥቶ አልይዝ አለ። ጅቡ ዘሎ የተጠበሰውን ጠፍር ነከሰ።

«ያዘን!» ጮኸች እድላዊት።

«ይያዘን! ፍሬን የለኝም!»

ጅቡ የኋላ እግሮቹን ተክሎ እንደ ግትር በሬ ወደ ኋላ ጎተተ። መንገዱ ላይ ሁለት ፈር ወጣ፤ ገበሬ እንዲያ ቀጥ አድርጎ አያወጣም። ሞተሯ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመች። ጠፍሩም ተበጠሰ፤ ጅቡ አንድ ጥርሱን ቀኝ ጎኗ ላይ ትቶ እራቱን ይዞ ሮጠ፣ መጫኛው ተገነጠለ፤ እድላዊት ከሳጥኑ በፊት ጭቃው ላይ ወድቃ በደረቷ ተቀበለችው።

ፊልጶስ ሞተሯን ረገጠ፣ ረገጠ። አልተነሣችም። ሳጥኑ ውስጥ ውኃ መንቦጫረቅ ጀምሯል።

በአቋራጩ የወረዱት ጋሽ ካሴ ከታች ታዩ፤ ቆመው ጠበቁ። ፊልጶስ የተሰበረውን ብረት አየ፣ ጀምበሯን አየ። ሳጥኑን በገዛ እጁ አንሥቶ በቅሎዋ ላይ አስቀመጠ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። ይንዱ!»

በቅሎዋ ጋለበች፤ ሁለቱ ከጎንና ከጎን ሳጥኑን ደግፈው ሮጡ። መንደሯ ሲደርሱ እናቶቹ ነጠላቸውን እያራገፉ ሊሄዱ ተነሥተዋል። እድላዊት ክዳኑን ከፈተች፤ በረዶው ጥግ ጥጉን ቀርቷል። ቦጋለች የምትባል እናት ልጇን አቀረበች፤ መርፌው ገባ፣ ሕፃኑ መንደሩን በጩኸት አናወጠው። ፊልጶስ እንዲያ የሚጣፍጥ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም።

ዛሬ ሞተሯ ሁለት ሳጥን በሁለት ጎን፣ በልክ፣ ወደ ሰውነቷ አስጠግታ ትጭናለች፤ ሚዛኑን ያሳዩትና ከሥሩ ያለውን የገለባ ትራስ የሰፉት ጋሽ ካሴ ናቸው። መንገዱ ካለቀበት ወዲያ ያለው ደግሞ የበቅሎዋ ነው።

በረዶውም ጅቡም ሁለቱ ፈርም እውነት ነው። የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይቅር ይበሉኝ» አለ ያልኩት። ፊልጶስ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። ያን ምሽት ግን ውኃ አስቀድቶ ተንበረከከ፤ መጀመሪያ የጋሽ ካሴን እግር አጠበ፣ ቀጥሎ የበቅሎዋን አራቱንም።