በእናት አዞ የተሳበበ ሞት

የኦሬሊየን ናኬን ሬሳ በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ረግረግ ዳር ሲገኝ ቀኝ ባቱ በአዞ ጥርስ ተቦጫጭቆ ነበር። አብሮት የቀዘፈው ታናሽ ወንድሙ ዩሊስ፣ የእንቁላል ጎጆዋን የምትጠብቅ አዞ ገደለችው አለ። ጎረቤታቸው ጋስፓር ወዲያው ጠመንጃውን አጉርሶ አዞዋን ሊገድል ተነሣ። መርማሪዋ ቬርና ቢሊዮ ግን፣ የዚያው ረግረግ ልጅ ናትና፣ ሥራዋን እስክትጨርስ እንዲታገሥ አዘዘችው።

ሬሳውን ገልጣ አየች። የባቱ ቁስል አልደማም። የግራ እጁ ጣቶች ግን በአንድ መስመር ተመትተው አብጠዋል።

የሟች ሚስት ኦዲል፣ ባሏ ከጋስፓር ጋር በዓሣ ማጥመጃ ቦታ ምክንያት ተጣልቶ እንደነበር አልደበቀችም። ሆኖም ጋስፓር ያን ቀን ለቤተ ክርስቲያኑ ጋምቦ የሚባለውን ወጥ ሲያማስል መዋሉን ራሷ መሰከረችለት። ቬርና ወደ ዩሊስ ዞረች።

«ወንድምህ ከጀልባው ለምን ወረደ?»

«እንቁላሎቹን ሊያይ። ጎንበስ እንዳለ መጣችበት።»

«አንተስ?»

«አልወረድኩም። ምን ላድርግ ብለሽ ነው?» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

ቬርና ወደ ጎጆው ቀዘፈች። የሣሩና የጭቃው ክምር ተከፍቷል፤ በውስጡ የቀሩት ቅርፊቶች ደርቀዋል። ራቅ ብሎ ካለው ኩሬ ግልገሎች ይጮኻሉ። እናታቸው አንዱን አዝላ አፏን ከፈተችባት፤ ቬርና ስታፈገፍግ ግን አልተከተለቻትም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በኦዲል ቤት በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አዞ ግልገሎቿ ከእንቁላል ውስጥ ሲጮኹ ስትሰማ ጎጆውን ትቆፍራለች፤ በአፏ ይዛ ውሃ ታስገባቸዋለች። ከዚያ ወዲያ የምትጠብቀው እነሱን እንጂ ባዶ ጎጆ አይደለም። ቅርፊቱ ደርቋል፤ ግልገሎቹ ከወጡ ቀናት አልፈዋል፤ ስለዚህ ኦሬሊየን ጎንበስ ብሎ የሚያየው እንቁላል አልነበረም። የተነከሰውም ከሞተ በኋላ ነው፤ ቁስሉ ያልደማው ለዚያ ነው። ጣቶቹ ግን ያበጡት በሕይወት ሳለ ስለተመቱ ነው። የመቅዘፊያህን ጠርዝ ከምቱ ጋር ለካሁት፤ ገጠመ። ጀልባው ላይ ደግሞ ከአንተ በቀር ሰው አልነበረም፣ ዩሊስ።»

ዩሊስ የሆነውን ተናገረ። ወንድሙ አዳልጦት ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ የጀልባውን ጠርዝ ያዘ። ጀልባው አጋደለ። ዋና የማይችለው ዩሊስ ፈርቶ ጣቶቹን በመቅዘፊያው መታ፤ ኦሬሊየንም ለቆ ሰጠመ። እውነቱን ከማውራት አዞዋን መክሰስ ቀለለው።

ጋስፓር ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣ። ኦዲል ስሙን በማንሣቷ አፍራ ቀና ብላ አላየችውም። ከዚያ ዩሊስን ጠየቀችው።

«ጠርዙን ይዞ ሳለ ምን አለህ?»

ዩሊስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«‹ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ አንተም እንዳትወድቅ› ነው ያለኝ።»