በፍልሰታ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት

እኔ እኮ ወንድሜ፣ እንጅባራ ውስጥ መንፈስ ምናምን ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ብቻዬን ተኝቼ አንኮራፍቼ አውቃለሁ፣ ይቺን ግን መጀመሪያ ስማኝ፣ ከዛ ከቻልክ ሳቅ።

እጮኛዬ የሺ ለስልጠና ባሕር ዳር ስትሄድ አኳሪየሟን እኛ ቤት አስቀመጠች፣ አሳዎቹ አልቀው የቀረችው አንዲት ቀንድ አውጣ ናት፣ የሺ ደግሞ እንደ ልጇ ነው የምታያት። «ቀንድ አውጣ ማኖር ያቃተው ሚስት ሊያኖር ነው? ሞታ ካገኘኋት ሰርጉን እርሳው» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎህ? የሺን አታውቃትም!

እኔ ጀግናው ታዲያ፣ ክረምት አይደል፣ የእግዜር ውሃ ነው ብዬ ከቆርቆሮ የወረደ ዝናብ ሞላሁላት። ሲቆይ ዛጎሏ ነጣ፣ ሳሳ፣ እንደ ተበላ ጥርስ ተቦረቦረ። ደንግጬ ለየሺ ደወልኩ።

«የዝናብ ውሃ ካልሲየም የለውም እኮ! ዛጎሏን ይበላዋል! ቶሎ በቧንቧ ውሃ ቀይር፣ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጠህ ስጣት!»

እንቁላል! በፍልሰታ ጾም! ሱቅ ሄጄ ባለሱቁን አያ ሙላትን «እንቁላል ይኖርዎታል?» ስላቸው የቆመው ሰው ሁሉ ዞረብኝ።

«ገደፍክ እንዴ አንተ?»

«ኧረ ለቀንድ አውጣዬ ነው!»

«አዎ፣ እኔም ሥጋ ሲያምረኝ ለድመቴ ነው የምለው።»

ሳቃቸውን ተሸክሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ጉሙ በር ድረስ ገብቷል፣ እማዬ ቅዳሴ ናት፣ ቀንድ አውጣዋ ውሃውን ቀይሬላትም ጥግ ላይ ተኮማትራ አትንቀሳቀስም፣ «አይዞሽ የኔ እመቤት» እያልኩ መስታወቱን ስዳብስ ከማድ ቤት ቋ... ቋ... የሙቀጫ ድምፅ። እማዬ መስላኝ ጠራሁ፣ ዝም። ከዛ ደግሞ፣ ቋ። እመነኝ ጸጉሬ ቆመ፣ ግን ወንድ አይደለሁ፣ መጥረጊያ ይዤ ገባሁ። ማንም የለም። ሙቀጫው መሀል ወለል ላይ ተቀምጧል፣ ዘነዘናው ስነካው ሞቅ ይላል፣ ውስጡ እንደ ዱቄት የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት፣ ግማሹ መሬት ላይ ፈሷል።

ፈራሁ፣ ልደፋው አልኩ፣ ግን እሷ ከሞተች የሺም ሄደች ማለት ነው። ቆንጥሬ ጨመርኩላት። ቀስ ብላ ቀንዷን አወጣች፣ መብላት ጀመረች።

እማዬ ስትመለስ ነገርኳት፣ ትስቅብኛለች ስል፣ የፈሰሰውን አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያኔ ዶሮ በነበረን ጊዜ፣ ቅርፊት የሚወቅጥላቸው እሱ ነበር።

«አይ የኔ ጌታ፣ ዛሬም እያፈሰሰ!» አለች፣ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም።

የሺ መጥታ ዛጎሏ ጠንክሮ ስታገኘው «ጎበዝ!» ብላ ሳመችኝ፣ እኔም ዝም ብዬ ተሳምኩ። ቀንድ አውጣዋም እስከ ሰርጋችን እኛው ጋ ትቆይ ተባለ። አሁን ጾሙ ተፈቷል፣ ቅርፊት ሞልቷል፣ ያቺ ቀንድ አውጣ ግን ከኔም ከየሺም እጅ አትበላም። ቤቱ ጭር ሲል በማድ ቤቱ በኩል መስታወቱ ላይ ትወጣና፣ ሁለቱንም ቀንዶቿን ወደ በሩ ቀስራ ትጠብቃለች። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እተውላታለሁ።