ቀለበት የሌለው ወንድም

«ይሄ ቀይ ቀለበት ከየት መጣ?» አለች ፌንጣ የጓደኛዋን ቀበቶ ጎተት አድርጋ። የመድረኩ መጋረጃ ሊከፈት ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።

«መምህሩ አድርግ ብለውኝ ነው፣» አለ ድብዬ። ጆሮው ግን ቲማቲም መሰለ። ይህ ልጅ ሲዋሽ አፉ እንጂ ጆሮው አይታዘዝለትም።

ጉድ ፈላ! ለባዮሎጂ ውድድር ባዘጋጁት ድራማ ፌንጣ ፎስፋቴዝ የተባለው ኤንዛይም ናት። አምስት ልጆች ደግሞ ጂን የሚቀሰቅሱ የአንድ ቤተሰብ ፕሮቲኖች ናቸው። ኮታቸው ላይ የተሰኩት የልብስ መቆንጠጫዎች ፎስፌት፣ ማለትም ፕሮቲኖቹን እንዳይገቡ የሚያግደው ኬሚካል፣ መሆናቸው ነው። ፌንጣ ወንድማማቾቹን ቀበቷቸው ላይ ባለው ቀይ ቀለበት ትይዛለች፤ መቆንጠጫውን ታረግፍላቸዋለች፤ እነሱም እግሬ አውጪኝ ብለው በካርቶኑ በር ጂኖቹ ወዳሉበት የሴሉ እምብርት፣ ወደ ኒውክሊየሱ፣ ይገባሉ። አምስተኛው ብቻ የሚያዝበት ቀለበት የለውም፤ ኤንዛይሙ ዞር ብሎም አያየውም። ይህ ድርሻ የደረሰው ለድብዬ ነው። ሥራው ቆሞ ማየት።

«እውነቱን ንገረኝ!»

«እማዬ ናት የሰፋችልኝ። የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ መጥታለች እኮ፣ ፌንጢዬ! ቆሜ ልቀር ነው ልበላት? ያዢኝና ልሩጥ፤ ማን ያውቃል?»

አንጀቷን በላው። ግን ዳኛዋ ተመራማሪ ናቸው፤ እሳቸው ያውቃሉ። ያሸነፈው ቡድን አንድ ሳምንት ሙሉ ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ይውላል። ፌንጣ ዓመቱን ሙሉ ስታልም የከረመችው ይህንን ነው። ታዲያ ውሸት ተሸክማ ልትገባ?

«ስማኝ! አንተም እኮ ትገባለህ። በሴሉ ዙሪያ ጨው ሲበዛ በራስህ መንገድ ነው የምትገባው። ሰዓት አይበቃንም ብለን ከድራማው ቆረጥነው እንጂ መጽሐፉ ላይ አለ። ‹ጨው በዛ!› ስል ሩጥ።»

«ሳትይዢኝ?»

መጋረጃው ተከፈተ።

አንዱን ያዘች፣ አረገፈች፣ ለቀቀች። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው እየተንደረደሩ ገቡ። ድብዬ ጋ ስትደርስ ቀለበቱ እንዳለ ነው፤ ዓይኑም ይለማመጣታል። ፌንጣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አለፈችው።

«ጨው በዛ!»

ድብዬ «መጣሁ!» ብሎ ተወረወረና በሩን ከነፍሬሙ ይዞት ወደቀ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ዳኛዋ የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አንቺ ኤንዛይም፣ ይሄ ልጅ ቀለበት አለው አይደል? ለምን ዘለልሽው?» አሉ።

ፌንጣ ረሳሁት ብትል ውሸት ነው፤ እውነቱን ብትናገር ጓደኛዋ እናቱ ፊት ሊዋረድ ነው። ይህን ስታወጣ ስታወርድ ከካርቶኑ ሥር አንድ እጅ ብቅ አለ።

«የውሸት ነው! ፕሮቲኑ የለውም፤ እኔ ነኝ ያሰፋሁት!» አለ ድብዬ። ቀለበቱን ሊበጥሰው ታገለ፤ እምቢ አለው።

«እኔ የሰፋሁት መች ይበጠሳል!» ብላ እናቱ ከኋላ ወንበር ስትጮህ ከሕዝቡ ሁሉ የበለጠ የሳቀችው ራሷ ናት።

ዳኛዋ አንገታቸውን ደፍተው መጻፍ ጀመሩ። አራቱ ወንድማማቾች ነጥቡን አጮልቀው ለማየት ወደ ጠረጴዛው ተንጋጉ። ፌንጣ ዞር ብላ አየቻቸውና ተወቻቸው። ጎንበስ ብላ የወደቀውን በር በአንድ ጫፍ ያዘች።

«በል፣ አንተ በዚያ በኩል አንሳ፣» አለችው።