ከወረቀቱ በር ጀርባ የተቀመጠችው

መብራቱ ዛሬ አይመጣም፤ ተስፋ ቁረጡ። ሻማዋንም አጥፏት፣ ለነገ ትሁን። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ናሁሰናይ፣ በሩን ግጥም አድርገህ ዝጋው፤ ብርድ አስገባህብን እኮ። አዎ፣ እንደሱ። ማነው የሚስቀው? ሳቁ፣ ሳቁ። ስጨርስ እንተያያለን።

ሰዓቱ እንደ አሁኑ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። እንደ አሁኑም ይዘንባል። መንገዱ ግን የኛ ዓይነት ጭቃ አይደለም። ምንጣፍ የለበሰ ረጅም ኮሪደር ነው፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ። ሰው የለም። ስትራመድ ኮቴህ አይሰማም። የራስህን ኮቴ ካልሰማህ የሌላውን እንዴት ትሰማለህ? እስቲ ንገሩኝ!

አገሩ ጃፓን ነው። አዎ፣ ጃፓን! ምነው፣ ጋሼ መክብብ ድሮም ሽማግሌ የነበረ መሰላችሁ? ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፣ እዚያ እማር ነበር። ቋንቋቸውንም እየተንተባተብኩ እናገራለሁ። ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ አስተርጓሚ ተብዬ የምጠራው እኔ ነኝ። አንድ ሰኞ ጋሽ አንዳርጌ መጣ።

ጋሽ አንዳርጌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። አዲስ የሽመና ማሽን ሊገባ ነውና አምስት ቀን ተማር ተብሎ ተላከ። ሰው ወዳድ ነው፤ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማዋል። እሱና ሚስቱ ትሩፋት አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥተው፣ ስለት ያልተሳሉበት ታቦት የለም። በመጨረሻ ወንድ ልጅ ወለዱ። ሲመጣ ልጁ ገና ወሩ ነው። «መክብብ ወንድሜ፣ እሑድ ክርስትናው ነው። ዓርብ ካልተሳፈርኩ ትሩፋት አትምረኝም» ይለኛል። በቀን አሥር ጊዜ ይለኛል። ይህን ያዙልኝ። ሰውየው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሑድ ቤቱ መገኘት።

ሆቴሉስ? ኧረ የሆቴሉ ነገር! ሊፍት አለው፣ ቴሌፎን አለው፣ ሙቅ ውሃው አያልቅም። ክፍሉ ግን የአያቶቻቸው ቤት ነው። ጫማ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይወልቃል። ወለሉ ሰሌን ነው፣ የሣር ሽታ አለው። አልጋ የሚባል የለም፤ ማታ ማታ ፍራሽ ያነጥፉልሃል። ሰፊ የጥጥ ልብስ ያለብሱሃል። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ከወረቀት የተሠራ ተንሸራታች በር አለ። ከበሩ ጀርባ አንድ ሰው የምታስቀምጥ ጠባብ ቦታ፣ ከዚያ መስኮት፣ ከዚያ ሰባት ፎቅ ገደል። ጋሽ አንዳርጌ ሰሌኑ ላይ ተንጋለለና «በእመብርሃን፣ ንጉሥ ሆንኩ!» አለ።

ራት ክፍል ድረስ ይመጣል። እማማ ፉሚኮ የሚባሉ አሮጊት ናቸው የሚያመጡት። ተንበርክከው ሩዙን፣ ዓሣውን፣ ሾርባውን ዝቅ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ፤ እጅ ይነሳሉ፤ ይወጣሉ። ታዲያ ጋሽ አንዳርጌ ብቻውን ቀረ። ብቻውን በልቶ የሚያውቅ ሰው መሰላችሁ? ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ያደገ ሰው ነው። አንዴ ጎረሰ፣ አልወርድ አለው። ቀና ሲል በወረቀቱ በር ላይ የሰው ጥላ አየ። የሴት ጥላ፣ ቁጭ ያለች።

እማማ ፉሚኮ ናቸው፣ ሳህን ሊያነሱ እየጠበቁ ነው አለ በሆዱ። በየት በኩል ገቡ ብሎ እንኳ አላሰበም፤ አዘነላቸው። «ኧረ ይግቡ እማማ! እንብላ!» አለ።

ጥላዋ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ያው ታስገድዳላችሁ! እሱም አስገደደ። «በሞቴ ይግቡ! አፈር ስሆን! አንዲት ጉርሻ ብቻ!» አለና ሩዙን በእጁ ጠቅልሎ ወደ በሩ ዘረጋ። ጥላዋ አንገቷን ዘንበል አደረገች። አሁንም አልገባችም። እሺ፣ አፍረው ነው ብሎ ጉርሻውን በሩ ሥር በትንሽ ሳህን አስቀመጠላቸው። ጥቂት ቆይቶ የኮሪደሩ በር ተከፈተ። ማን ገባ? እማማ ፉሚኮ! ጋሽ አንዳርጌ ዘሎ የወረቀቱን በር ሳበው። ማንም የለም። ሳህኑም ባዶ ነው።

ማክሰኞ ነገረኝ። እኔ ሳቅኩበት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ጋሽዬ፣ መንገድ ደክሞህ ነው» አልኩት።

ማክሰኞ ማታ ራቱ ሲመጣ ሁለት ሩዝ፣ ሁለት ሾርባ፣ ሁለት ጥንድ መብያ እንጨት። በምልክት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እማማ ፉሚኮ ቴሌፎኑን አሳዩት። ኋላ ለኔ እንደነገሩኝ፣ ከዚህ ክፍል ሴት ደውላ ሁለት አድርጉት ብላለች። አሮጊቷ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና ፊታቸው አመድ መሰለ። ወጡ። የወረቀቱ በር የእጅ ስፋት ያህል ተከፈተ። አራት ጣቶች ገቡ። ነጭ፣ ቀጫጭን ጣቶች። ሁለተኛው ሩዝ ቀስ እያለ ጎደለ። ለምን አልሮጠም ትሉኝ ይሆናል። እግሩ እንደ ሰው እግር መሰላችሁ? እንጨት ሆኖበታል።

ረቡዕ ጠዋት ይህን ሲነግረኝ እየሮጥኩ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። እማማ ፉሚኮን ያዝኳቸው። አልናገርም አሉ፤ ለመንኳቸው፤ አለቀሱ። ከዚያ ነገሩኝ።

ድሮ እዚያ ቦታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። አንዲት ሴት ባሏ ሩቅ አገር ሄዶ፣ ራቱን አቅርባ፣ እሱ ሳይመጣ እህል አልቀምስም ብላ ጠበቀችው። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ በረሃብ ሞተች። ቤቱ ፈርሶ ሆቴል ሲሠራ እሷ አልሄደችም። «ክፉ አይደለችም» አሉኝ እማማ ፉሚኮ። «ካልጠሯት አትገባም። ሠላሳ ዓመት ስሠራ የጠራት ሰው የለም። እኔም ፈርቼ አልጠራኋትም። እሱ ግን ጠራት፣ አበላት። አሁን ብድሯን ትመልሳለች። የድሮ ሰዎች እንደሚሉት ግን፣ በእጇ ያጎረሰችው ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም።»

«ጠልታው ነው?» አልኳቸው።

«ወዳው ነው» አሉኝ።

እስቲ አሁን ምን ይደረጋል? ቢጠላህ ትታረቃለህ። የወደደህን ምን ትለዋለህ? ጠበል የለ፣ ቄስ የለ። ክፍል አስቀየርኩት፣ ሁለተኛ ፎቅ። ረቡዕ ማታ የዚያም ክፍል የወረቀት በር ላይ ጥላዋ ተቀመጠ። ሐሙስ እጁን ይዤ ከተማ አወጣሁት፣ ሁለት ሆነን ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጁ ሦስት ሳህን አመጣ። ጋሽ አንዳርጌ አላለቀሰም፣ አልጮኸም። «መክብብ ወንድሜ፣ ለራሴ አይደለም የፈራሁት፣ ለልጁ ነው። አባቱን ሳያውቅ ሊያድግ ነው» አለኝ። ወደ ሆቴሉ መለስኩት፤ ቢያንስ እማማ ፉሚኮ አሉ ብዬ።

«ከንጋት በፊት አፉን እንዳይከፍት» አሉኝ። «አውሮፕላኑ ላይ ከወጣ ባሕር አትሻገርም።»

ሐሙስ ማታ አብሬው አደርኩ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። አገጩን በፎጣ አሰርኩለት፣ እንደ ሬሳ። ሌላ ምን ላድርግ? አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። አፉን ቢከፍት በመዳፌ እከድነዋለሁ ብዬ ማልኩ።

ስድስት ሰዓት፣ ምንም። ስምንት ሰዓት፣ ምንም። ዝናቡ ቆመ። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንሸራተተ። ጣቶቹ ገቡ። ክንዷ ገባ። ፀጉሯ ገባ፣ ሰሌኑ ላይ እየተጎተተ። ፊቷን አላየሁም፤ አታሳየኝ ብዬ ጸልዬ ነበር። ጠረጴዛዋ ማዶ ተቀመጠች። መዳፏ ላይ ሩዝ ይዛለች። በኛ ቋንቋ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «በሞቴ» አለች። «አፈር ስሆን። አንዲት ጉርሻ ብቻ።» አማርኛ ማን አስተማራት? እሱ ነዋ!

ጋሽ አንዳርጌ ጥርሱን ነከሰ። ራሱን ነቀነቀ፣ እምቢ አለ። ጎበዝ! አልኩ በልቤ። አንድ ሰዓት ሙሉ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። መስኮቱ መቅላት ጀመረ። አለፈልን! አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የበራው።

«ትሩፋት!» አለ። ፎጣው ውስጥ ሆኖ ይስቃል። «ደረስኩ እኮ! እንኳን ደህና ቆያችሁኝ!» ዙሪያውን ያያል። «ይሄ ሁሉ ሰው? አባም መጡ? ልጄስ? አምጡት፣ ልቀፈው።» ክንዱን አጠፈ፤ ሕፃን እንደያዘ ሰው እሹሩሩ ይላል። እንባው ይወርዳል፣ ይስቃል።

ቤቱ የገባ መስሎታል! አያችሁ? እሑድ የሆነ መስሎታል!

አትክፈት ልለው አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። እጄን አዘዝኩት፤ እምቢ አለኝ። ትከሻው ላይ ያለው የገዛ እጄ! የፎጣውን ቋጠሮ ራሱ ፈታው። ቀስ ብሎ። «እሺ፣ እሺ፣ አታልቅሺ፤ አንቺ ካጎረስሽኝማ» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ።

እኔ ሁሉን አየሁ።

ሲነጋ ሐኪም መጣ። ልቡ ነው አለ። አፉ ውስጥ ሩዝ ነበር። እማማ ፉሚኮ ወደ ወጥ ቤቱ ወርደው ጠየቁ፤ በዚያ ሌሊት አንዲት ፍሬ ሩዝ የቀቀለ የለም።

እናንተም ስሙኝ። ማዕድ ስትቆርሱ እንብላ ማለት ደግ ነው፣ አትተዉት። ግን የምትጠሩትን ሰው ፊቱን እዩት። ጨለማን አትጋብዙ፣ ጥላን አታስገድዱ።

ሬሳውን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ልቅሶው ሲበርድ ትሩፋት ልጇን ታቅፋ ጓዳ አስገባችኝ። አላለቀሰችም።

«እንዲያው ጾሙን ነው የሞተብኝ?» አለችኝ።

«የለም እቴ፣ በልቷል» አልኩ።

«ማን አበላው? በሰው አገር ማን አለው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «አንቺ ነሽ ያጎረስሽው» አልኳት። «አንቺን እያየ ነው የበላው።»

ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረች።

«ጠገበ?» አለችኝ።

በሉ ተነሱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ።